በማን ክንድ?

አክስቴ ቤት ልትሠራ ነው። እስካሁን የኖረችበት የባሕር ዛፍና የጭቃ ቤት ነው፤ ሲያዘም በባላ ይደገፋል፣ ቀጥ ሲል ይረሳል። አሁን ልጆቿ ከአዲስ አበባ ብር ልከው «ብሎኬት ይሁን» አሉ። ብሎኬት ደግሞ ባላ አያውቅም፤ መሠረት ይፈልጋል። መሠረት ሲባል ግንበኛ መጣ፣ ግንበኛ ሲመጣ ምላስ መጣ።

የተገናኘነው ንፋስ መውጫ፣ ራፖር ጸሐፊው ዣንጥላውን ከተከለበት ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነንና ወረቀቱ እንዳይበር አራት ድንጋይ ተጭኖበታል። እኔ የተጠራሁት «የተማረ ይኑርበት» ተብሎ ነው።

«እትዬ፣ ውል ምን ያደርግልዎታል?» አለ ግንበኛው ገና ሳንቀመጥ። «የኔ ቃል እኮ ከሲሚንቶ ይጠነክራል።»

«ሲሚንቶም ውሃ ሲበዛበት ይላላል» አለች አክስቴ። «አንተን ደግሞ ጠላ ቤት ስትገባ እንጂ ስትወጣ አይቼህ አላውቅም።»

«የአባቴን ቤት ያለ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው የሠራሁት!»

«ለዚህ ነዋ አባትህ እህትህ ዘንድ የሚኖሩት።»

ጸሐፊው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ግንበኛው ግን እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ በንፋስ መውጫም ቢሆን ሁሉን ቃል ንፋስ አይወስደውም ብለው ያስረዱልኝ» አለ። ይህ ቀልድ የከተማዋን ስም ያህል ዕድሜ አለው፤ እዚህ ጋይንት ውስጥ አፉን የፈታ ሁሉ አንድ ቀን ይለዋል። ስለዚህ አልመለስኩለትም።

«ውል ያለመተማመን ምልክት ነው» ሲል ቀጠለ።

«ታዲያ ጋብቻ ላይ ለምን ይፈረማል?» አልኩት።

«እሱማ ለፍቺው ነዋ!» ብሎ አስቀመጠኝ።

እውነቱን ነው። የኛም ውል ለፍቺው ነው። ደግሞስ ወረቀት ለዚህ አገር መቼ ባዕድ ሆነ? በጎንደር ዘመን መሬት ሲሸጥ ሻጩ፣ ገዥው፣ ዋጋውና ምስክሩ በወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። አያቶቹ መሬታቸውን በወንጌል ያስመዘገቡ ሰው፣ የቤቱን መሠረት «ግዴለም፣ እንተዋወቃለን» ብሎ ሲያስቆፍር ማየት ነው ጉዱ። «እንተዋወቃለን» ከዋልካ መሬት ይከፋል። ዋልካ እንኳ ክረምት ሲያብጥ፣ በጋ ሲሰነጠቅ ይታያል።

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። «ውል ተቀባይ የውል ሰጪን ቤት መሠረት በጥሩ ሁኔታ፣ እንደ አስፈላጊነቱ ቆፍሮ ሊሠራ . . .»

«ቁም!» አለች አክስቴ። «በጥሩ ሁኔታ ማለት ስንት ሜትር ነው?»

«እትዬ፣ የተለመደ አጻጻፍ እኮ ነው።»

«እንደ አስፈላጊነቱስ? ለማን የሚያስፈልገው? ለቤቱ ከሆነ ወገብ ይደርሳል፤ ለእሱ ከሆነ ቁርጭምጭሚት።»

ግንበኛው «ሁለት ክንድ ተኩል ይበቃል» አለ። አክስቴ እጁን ጎትታ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ በዓይኗ ለካችው። «በዚች ክንድ? በዚች የተለካ መሠረት ዶሮ ጭራ ታወጣዋለች። ጻፍ ልጄ፣ በሜትር።»

1 ሜትር ከ50 ተጻፈ።

«አለት ከወጣ ግን ዋጋ ይጨመራል» አለ ግንበኛው፣ ዓይኑ በርቶ። መሠረት ያስቆፈረ ሰው ይህን ዓይን ያውቀዋል። አፈር በአንድ ዋጋ፣ አለት በሌላ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ዲጂኖው ጠጠር በነካ ቁጥር ቆፋሪው «አለት!» ይላል።

«ይህን ሁሉ አለት ከየት ታመጣው ይሆን?» አለችው።

«የጉና ተራራ ጎረቤት ሆነው ድንጋይ የለም ሊሉኝ ነው?»

«ድንጋዩስ አለ። ግን አንተ ስትቆፍረው አለት ይሆናል፤ ለግንቡ አምጣ ስልህ ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ይሆናል።»

ተጻፈ፦ አለት አለት የሚባለው ሁለቱም ቆመው ሲያዩት ነው፤ የወጣው ድንጋይ የባለቤቷ ነው፤ ለሶሊንጉ ይውላል።

እኔ የተማርኩት ያስገባሁት አንዲት አንቀጽ ብቻ ነው፦ አፈር ሳይመለስበት ባለቤቷ ትየው። ጣሪያ ቢያፈስ ባልዲ ይናገራል፣ ልስን ቢረግፍ መጥረጊያ ይናገራል። መሠረት ግን ሠሪው ራሱ የሚቀብረው ሥራ ነው። ፌሮው ባለ 12 ይሁን ባለ 8፣ ሲሚንቶው ጉድጓድ ይግባ ወይም በማታ በጋሪ ይውጣ፣ አፈር ከተመለሰ በኋላ ምስክሩ ትል ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ሥራዬን ቀብር አደረጉት እኮ!»

«ለቀብርማ ዕድር አለኝ» አለች አክስቴ። «ለመሠረቱ ነው እንጂ ብቻዬን የቀረሁት።»

ቀብድ ላይ ግማሹን ጠየቀ። «ግማሹን ይዘህ ብትጠፋ እኔ ግማሽ ቤት ልግባ?» ተባለ፤ ቁፋሮው ሲያልቅ፣ ግንቡ ሲያልቅ፣ አፈሩ ሲመለስ እየተባለ ተከፋፈለ።

«ሲሚንቶ ቢወደድስ?» አለ ደግሞ። ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠራረገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1764፣ ውል ካሰቡት በላይ ስለከበደ ብቻ አይለወጥም ይላል፤ ሁለቱ ራሳቸው ካልተስማሙ በቀር።

«በ1952 ሲሚንቶ ስንት ነበር?»

ይህችን መመለስ አልቻልንም። ጣጣውን አክስቴ ቆረጠችው፦ ዕቃው በእኔ፣ የእጅ ዋጋው ለእሱ።

ጸሐፊው ግን አንዴ ተነሥቷል። ቁጥር 3039፦ የሠራ ሰው ካስረከበ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለግንባታው ጥንካሬ ዋስ ነው፤ ጉዳቱ ከአፈሩ ጠባይ ቢመጣ እንኳ ያው ነው። ይህን የሚያሳጥር ቃል ውሉ ላይ ቢጻፍም አይጸናም።

«አፈሩን እኔ ነኝ እንዴ የፈጠርኩት?»

«አልፈጠርከውም። ግን መጀመሪያ የምትተዋወቀው አንተ ነህ።» አክስቴ ይህን ካለች በኋላ ትንሽ አሰበች። «10 ዓመት . . . ለቤቱስ ዋስ ተገኘ። ለኔ ማን ይፈርምልኛል?»

«እርስዎንማ ሞትም ያለ ውል አይወስድዎትም» አላት።

ለፊርማ ሲደርስ ሁለት ምስክሮች ቀረቡ፤ ግንበኛው አውራ ጣቱን ዘረጋ። መጻፍ የማይችል ሰው ጣት ብቻውን አያስረውምና፣ ነገ ዳኛ ፊት እንደሚደገም ጸሐፊው ነገረው። «ለአንድ ሜትር ተኩል ጉድጓድ ዳኛ!» እያለ ቀለሙን ነክሮ ወረቀቱ ላይ ጫነ። ሲያነሣው ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ። ደገመው፤ ያው ሰማያዊ። አንዲት መስመር የለችውም።

«ይህ ጣት ነው ወይስ ልስን?» አለች አክስቴ።

ግንበኛው መዳፉን ገልብጦ አሳየን። ሲሚንቶና ኖራ ሃያ ዓመት የበላው ጣት ነው፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል።

«መስመሩማ ነበረው» አለ። «ሰው ቤት መሠረት ውስጥ ቀርቷል። ካላመኑ ያስቆፍሩና ያውጡት።»

አክስቴ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሁለቱ ምስክሮች ወደ መሬት አዩ። ጸሐፊው ከነጠብጣቡ ሥር «የውል ተቀባይ ጣት በሥራ ብዛት መስመር የሌለው መሆኑን እኛ ምስክሮች አይተናል» ብሎ ጻፈ፤ ቀና አለና እጁን ዘረጋ።

«ለዚች መስመር ደግሞ ሃያ ብር ትጨምራላችሁ።»