እንኳን ማረዎት፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ

በአገራችን ታሞ የተነሣ ሰው ሁለት ጊዜ ይመረመራል፤ አንዴ በሐኪም፣ አንዴ በጎረቤት። የሐኪሙ ቶሎ ያልቃል። የጎረቤቱ ግን ቡና ተፈልቶ፣ «ምን ነካህ? ምን ሰጡህ?» ተብሎ፣ ጠበል ተመክሮ፣ ዳማ ከሴ ታዞም አያልቅም። ሦስተኛ ምርመራ እንዳለ ያወቅሁት ወገቤን ታምሜ ወደ ሥራ የተመለስኩ ዕለት ነው።

ሕመሜ የዲስክ መንሸራተት ነው። ውኃ የሞላ ጀሪካን ላነሣ ቤቴ ጎንበስ ብዬ እዚያው ቀረሁ። አልጋ ላይ ሰንብቼ ስመለስ «ኤችአር ትፈለጋለህ» ተባልኩ። የክፍሉ ኃላፊ ትሁት ልጅ ናት፤ ቢሾፍቱ ሥልጠና ሄዳ አዲስ ቅጽ ይዛ መጥታለች።

«ጋሼ፣ እንኳን ማረዎት፤ ይቀመጡ» ብላ ሶፋ አሳየችኝ። ስቀመጥ ሰመጥኩ፤ ጉልበቴ ከአገጬ እኩል ሆነ።

«ሕመሙ ምን ነበር?»

በሩ ክፍት ነው። ኮፒ ሊያስነሡ የቆሙ ሁለት ሰዎች ጆሯቸውን ጥለዋል። «ወገብ» አልኩ። ከኮሪደሩ «የአጎቴን ጎረቤት የጨረሰው ወገብ አይደል!» የሚል ማጽናኛ መጣልኝ።

«ከሥራ መቅረትዎን ለመከላከል ምን ማድረግ ይችሉ ነበር?»

«ውኃ አለመጠጣት» አልኩ። ጻፈችው።

«አሁን ሙሉ በሙሉ ተሽሎዎታል?»

«ስነሣ እናያለን።»

ቀልድ መስሏት ሣቀችና «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። «እዚህ ጋ ይፈርሙ።» ልነሣ ብል ወገቤ እምቢ አለ። ሁለቱ ሰዎች ገብተው ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው ጎትተው አቆሙኝ። እኔም እያቃሰትኩ ሙሉ በሙሉ መዳኔን በፊርማዬ አረጋገጥኩ።

ቅጹ ሁሉን ሲጠይቅ ሥራዬ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀም። የስቶር ሠራተኛ ነኝ። ስቶር ስገባ ካርቶን እስከ ጣሪያ ተቆልሎ ጠበቀኝ። ጫኝና አውራጁ ልጅ ገና ሲያየኝ «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎ ይቁጠሩ፣ እኔ አነሣለሁ። መሰላሉንስ ይወጣሉ ወይስ ልውጣልዎ?» አለኝ። ሥልጠና አልሄደም፤ ቃለ መጠይቁን ግን በቆመበት ጨረሰው።

ሠራተኛ ከሕመም ሲመለስ ማነጋገሩ ክፋት የለውም። እንግሊዝ አገር የተለመደ ነው፤ ሰውየው ቀለል ባለ ሥራ ወይም ባጠረ ሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲመለስ የሚመካከሩት እዚያ ወንበር ላይ ነው። የእኛ ቅጽ ግን ሐኪሙ የጻፈውን ደግሞ ይጠይቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የታመመ ሠራተኛ በማግስቱ እንዲያሳውቅና የሐኪም ማስረጃ እንዲያቀርብ ያዛል። ማስረጃዬ ፋይሌ ውስጥ ተቀምጧል፤ ታዲያ በር ከፍቶ በሽታ ማስቆጠር ለምን አስፈለገ?

ደግሞም «ድነሃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አዋጁ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ደመወዝ። የቤት ኪራይ ግማሽ ደመወዝ አያውቅም። ስለዚህ ወሩ ሊሞላ ሲል ሁላችንም እንድናለን። የሚመለሰው ሰው የዳነ ሳይሆን የቸገረው ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰው «አልዳንኩም» ይላል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

እናንት ኃላፊዎች፣ በሩን ዝጉ። የበሽታውን ዝርዝር ለሐኪሙ ተዉለት። «ድነሃል?» ማለት ትታችሁ «የትኛው ሥራ ገና ይከብድሃል?» በሉ። የሚከብደውንም ለጊዜው አንሡለት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠርታችሁ እንደገና ጠይቁት።