ጠረጴዛውን ወደ ፈላና በር

ክረምት ሲገባ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ሰፈር ይሆናል፤ ዓመቱን ሙሉ ሰው ሲያርሙ የከረሙ በተራቸው ሊታረሙ ይመጣሉ። የእንግሊዝኛ ድርሰት ሲታዘዝ ግን ብዙው ፊቱ ይጠቁራል። ለዚህ ተብሎ በየዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከል ተቋቁሟል፤ የሥነ ጽሑፍ ምሽትም አልፎ አልፎ አይጠፋም። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ቢበቃ፣ ምሽቱ ይቆይና ረቂቅ የሚያነብ የማዕከሉ ሰው ይቅደም ባይ ነኝ። ሰውየውም ጠረጴዛውን ተሸክሞ ሐረር ይውረድ፣ ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር ጥላ ሥር ይቀመጥ።

ድባብ ብቻውን ቢያስጽፍማ ሐረርን ማን ይችላት ነበር! ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ መጥቶ፣ እየሄደ እየተመለሰ ዓመታት ሲኖር ቡናና ቆዳ ነገደ እንጂ ሐረር ላይ ጻፈው የሚባል አንድ ግጥም አልተወልንም። ደብዳቤ ግን በሽ ነው፤ ፈረንሳይ ያሉት እናቱ ይጠብቃሉና። እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. የቆየው ዐሥር ቀን ያህል ነው፤ ያውም አሚሩ ይልቀቀው አይልቀቀው ሳያውቅ። በዓመቱ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አወጣ፤ ለንደን ላይ አንባቢ ነበረዋ። የሚጠብቀው አንባቢ የሌለውን፣ በጫት በርጫ ላይ ምርቃናው ሲመጣ ተጠንስሶ ማታ የሚተነውን ልብ ወለድማ የሐረር ሰው ያውቀዋል።

«መድረክም እኮ ጸሐፊ ያወጣል» የሚለኝ አይጠፋም፤ የቀድሞውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የግጥም መድረክ፣ ኮሌጅ ዴይን ይጠቅስልኛል። እውነት ነው፣ ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. «ደሃው ይናገራል»ን ያሰማው እዚያ ነው። ግን እዚያ የሚደርሰው ተወዳድሮ ያለፈ ግጥም ነበር፤ አዳማጩም ጃንሆይ! ቃል የሚያስመርጥ አድማጭ ማለት እንዲህ ነው። የዛሬው ታዳሚ ለሁሉም እኩል ያጨበጭባል፤ ጭብጨባ ደግሞ ሁለተኛው አንቀጽ ለምን እንዳነከሰ አይናገርም።

ይህን የሚናገረው ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚውለው ራፖር ጸሐፊ ነው። ባለጉዳይ ከአያቱ መሬት ሲጀምርበት «እሱ ይቆይ፤ ምን ይደረግልኝ ነው የምትለው?» ይለዋል። የሦስት ትውልድ ታሪክ አንድ ገጽ ላይ ያርፋል። ከዚያ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ባለጉዳዩም «ኧረ እንዲህ አላልኩም!» ብሎ ያስተካክላል። ማዕከሉ በፕሮጀክተር ከሚያስተምረው ዋናው ይኸው ነው። ጉድለቱ፣ ራፖር ጸሐፊ ራሱ ይጽፋል፤ ባለጉዳዩ በዓመቱም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ የእኛው ሰውዬ እስክሪብቶ አይያዝ፣ ይጠይቅ ብቻ። የበሩ አካባቢ የባጃጅ ጩኸት አያሠራም ለሚል ደግሞ፣ መምህሩ መስከረም ላይ የሚመለስበት ክፍል ገዳም ነው እንዴ?

ምሽቱም ጨርሶ ይቅር አልልም። መግቢያው ተሰርዞ ተደልዞ ሦስቴ የተገለበጠ ረቂቅ ይሁን። ይህን ያልያዘ ደጅ ይጠብቅ፤ ፈላና በር ሲመሽ እንደሆነ ሰው የሚቀልበው ጅብም ለእራቱ ይመጣል፣ ብቻውን አይሆንም።