የሞተ በሬ ሐኪም

ካዛንቺስ ውስጥ «ዶክተር» መባል ቀላል ነበር፤ ከባዱ የምኑ ዶክተር እንደሆኑ ማስረዳት ነበር። እዚያ አንድ ግቢ ውስጥ ቤት በተከራየሁ ሰሞን አከራዬ እማማ ደም ግፊታቸውን እንድለካላቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። የእንስሳት ሐኪም መሆኔን ስነግራቸው ክንዳቸውን መለሱ። ተስፋ ግን አልቆረጡም፤ ዶሯቸው እንቁላል መጣል ለምን እንዳቆመች ጠየቁኝ። እኔም በሕይወት ያለ እንስሳ ብዙ እንደማያጋጥመኝ፣ ፓቶሎጂስት ማለት እንስሳው ከሞተ በኋላ ገላውን ከፍቶ በሽታውን የሚፈልግ ሰው እንደሆነ አስረዳሁ። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ከሞተ በኋላ ምን ትረባዋለህ?» አሉኝ።

የምሠራው ቄራ ነው፤ በሬውንማ ምንም አልረባውም። የምረባው የሚበላውን ነው።

የባሰው ደግሞ ጊዜያዊ መሆኔ ነው። ቋሚዋ ሐኪም ስትወልድ እጠራለሁ፤ ቋሚው ለትምህርት ሲሄድ እጠራለሁ፤ በዓል ቀርቦ እርዱ ሲበረታ እጠራለሁ። ሁዳዴ ገብቶ የክርስቲያን ልኳንዳ 55 ቀን ሲዘጋ የእኔም ውል አብሮ ይጾማል። እማማ ለዚህም አስተያየት ነበራቸው፦ «በሬው እንደሆነ ለዘላለም ነው የሞተው፤ አንተ ምን ሆነህ ነው ጊዜያዊ የሆንከው?»

እርድ የሌሊት ሥራ ነው። ሥጋው ጎሕ ሲቀድ ልኳንዳ ቤት መድረስ አለበት። ስለዚህ የካዛንቺስ ሰው ወደ አዝማሪ ቤት ሲወጣ እኔ በመስቀል አደባባይ፣ በሪቼ አድርጌ ቂርቆስን አቋርጬ ወደ ቄራ እወርድ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ቢላዋ፣ መሳያ፣ ቦቲ ጫማና ነጭ ጋዋን አለ። አንድ ምሽት አንድ ፈታሽ ቦርሳውን ከፍቶ ቢላዎቹን አየና ዓይኑን ወደ እኔ አነሳ። «ሐኪም ነኝ» አልኩት። አላመነኝም። «በሽተኛው ቀድሞ ሞቷል» ብዬ ብጨምርበት ነገሩ ጭራሽ ተበላሸ። ያዳነኝ ጋዋኑ ነው፤ አውጥቶ ሲዘረጋው ሽታው የሙያ ማስረጃዬን አቀረበለት።

የአዲስ አበባ ቄራ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋን ሲመግብ ኖሯል፤ ሰፈሩንም በስሙ አስጠርቷል። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ እርድ ለየብቻ ነው። አራጁ ይጥላል፣ ገፋፊው ቆዳውን ያወርዳል፣ የሆድ ዕቃው ይወጣል፣ ከዚያ የእኔ ተራ ይደርሳል። የመንጋጋውን ጡንቻ በግራም በቀኝም እሰነጥቃለሁ፤ ምላሱን እዳብሳለሁ፤ ልቡን እከፍታለሁ፤ ወርቹን እቆርጣለሁ። የኮሶ ትል እጭ መቀመጥ የሚወደው ሥራ የማይፈታ ጡንቻ ውስጥ ነውና። ሲገኝ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ውሃ የቋጠረች ነጭ ከረጢት ናት። ሳንባውን እጨምቃለሁ፤ ለነቀርሳ ንፍፊቱን እከፍላለሁ። ጉበቱ ላይ ስደርስ ደግሞ ቢላዋው ራሱ ይናገራል። የጉበት ትል የከረመበት ከሆነ የሐሞት ቱቦዎቹ ወፍረው ጠጥረዋል፤ ስለቱ ሲያልፍ ቅርጭጭ ይላል። ጫን ሲሉት ጠፍጣፋው ትል ከቱቦው አፍ ብቅ ይላል፤ ሲያዩት አይቸኩልም፣ እዚያ ቋሚው ሠራተኛ እሱ ነው።

ከእኔ በላይ የሚያውቁ ገፋፊዎች አሉ። ገና ቢላዬን ሳላነሳ «ዶክተር፣ በዚህኛው ጉበት አትድከም» ብለው ያልፋሉ። በሽታውን በላቲን አይጠሩትም እንጂ ሲስቱ አላየሁም።

እዚህ ላይ አንድ የማይወራ ነገር ላውራ። ወርቹን ጠለቅ አድርጌ ከቆረጥኩ ባለ ልኳንዳው «ዶክተር፣ ሥጋዬን ገደልከው» ይላል፤ ካልቆረጥኩ እጩ ያመልጠኛል። ጥቂት ቦታ በመሰንጠቅ ያለው ሁሉ አይገኝም፤ ይህን ማንኛውም የሙያው ሰው አይክድም። ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ቢከርም እጩ ይሞታል። ግን እባካችሁ፣ ለቁርጥ 10 ቀን የሚታገሥ የአዲስ አበባ ሰው አሳዩኝ።

በሬውን መውቀስም አያምርብንም። የኮሶ ትል ጎልማሳ ሆኖ የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ሜዳ የወጣ ሰው እንቁላሉን ለሣሩ ይሰጣል፣ ሣሩ ለበሬው፣ በሬው መልሶ ለሰው፤ ማንም ዕጣው የማይቀርበት ዕቁብ ነው። አባቶቻችን ይህንን ሰንሰለት በአጉሊ መነጽር አላዩትም፤ ሂሳቡን ግን ያውቁት ነበር። ትሉ ተውጦ እስኪጎለምስ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ እነሱም በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶ ዛፍ አበባ ፈጭተው ይጠጡ ነበር። መኳንንቱም ከዚህ አያመልጡም ነበር። እንዲያውም እንግዳ መቀበል ያልፈለገ ጌታ «ኮሶ ጠጥተዋል» ካስባለ ማንም አይቀየመውም ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ ከፋርማሲ በፍሬ ይገዛል፤ ከስብሰባ ለመቅረት ግን እንደ ድሮው አያገለግልም። ይህን ስልጣኔ አልለውም።

ጓደኞቼ ከእኔ ጋር ሥጋ ቤት መግባት ካቆሙ ቆይተዋል። ሻኛው መጥቶ፣ ዳቢቱ ተከትሎ፣ አዋዜው ተንጠባጥቦ እኔ ሥጋውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ ማየት እጀምራለሁ። በመጨረሻ ሕግ አወጡ፦ ገበታ ላይ «እጭ» ያለ ሰው የሁሉንም ሒሳብ ይከፍላል። ጊዜያዊ ደመወዝ ይዤ ይህን ሕግ መጣስ ስለማልችል አፌን በሽንጥ ዘጋሁ። አዎ፣ ቁርጥ እበላለሁ። የማውቀውን አውቄ እበላለሁ፤ የቄራውን ማህተም አይቼ፣ በየጊዜው መድኃኒቴን ውጬ። ከዚህ የተሻለ ንጹሕ ሐኪም የምትፈልጉ ከሆነ እኔ ዘንድ አትፈልጉ።

እማማ ሙያዬን ማክበር የጀመሩት የክፉ ቀንን ታሪክ ባወራሁላቸው ጊዜ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ያስገቧቸው ከብቶች የደስታ በሽታን ይዘው መጡ። በሽታው አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ጨረሰ። በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፣ እርሻ ሲቆም ረሃብ ገባ፤ አፄ ምኒልክ ሕዝባቸውን ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ጨርሶ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ለዚህ የኢትዮጵያ የእንስሳት ሐኪሞችና የቢሾፍቱ ክትባት ሠሪዎች ብዙ ደክመዋል። ይህን ሁሉ በኩራት ተንትኜ ስጨርስ እማማ ራሳቸውን ነቅንቀው «አይ ልጄ! ያኔ ታዲያ አንተ ጊዜያዊ ሆነህ እንኳ ብትቀጠር ምን ነበረበት?» አሉኝ።

በዚያ ግቢ የበላነው የመጨረሻው ቅርጫ የ2016 ዓ.ም. የፋሲካው ነው። ጊዜያዊው እኔ ነኝ ብዬ ሳስብ ሰፈሩ ቀደመኝ፤ በ2017 መግቢያ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማቱ ፈረሰ፣ ጎረቤቱም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ። የዚያን የመጨረሻ ቅርጫ በሬ ግን ማንም አይረሳውም። ጎረቤቱ ቢላዋ አያያዜን ስለሚያውቅ መደቡን እንዳከፋፍል ሾመኝ። ሹመቱ እስከ ጉበቱ ድረስ ሠራ። ጉበቱ ላይ ቆዳው የተወጠረ፣ ጥርት ያለ ውሃ የሞላው ከረጢት ነበረበት፤ ቢላዋ ከነካው ውሃው ፊት ላይ ይፈናጠራል። «ይህ አይበላም» አልኩ።

ግቢው ጸጥ አለ። ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ሚጥሚጣው ተዘጋጅቷል፣ ጨጓራው ታጥቧል። ያለ ጉበት ምን ዱለት አለ?

«ያችን ቆርጠህ ጣልና የቀረውን ስጠን» አለ አንዱ። «ውጭ አገር ቢሆን ይህን ሁሉ አይሉም» አለ ሌላው፤ ውጭ አገር ሄዶ አያውቅም። እማማ በረጋ ድምፅ «ልጄ፣ ይኼ እኮ ቄራ አይደለም፤ ፋሲካ ነው» አሉኝ። እኔ ስከራከር አንዱ ጎረምሳ ክርክሩን ለማሳጠር ጉበቱን አንስቶ ለግቢው ውሻ ወረወረለት። ያን ጊዜ ጋዋን የለበሰ ሰው የማያደርገውን አደረግኩ፤ ዘልዬ የጉበቱን ጫፍ ያዝኩ። ውሻው ሌላውን ጫፍ ይዟል። እሱም ሁዳዴን ጾሞ ነበርና በቀላሉ አልለቀቀም። ሴቶቹ «ኧረ ዶክተሩ ከውሻው ጋር ተጣላ!» እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጉበቱ የእኔ ሆነ፤ ክብሬ የውሻው።

ሳቁ ሲበርድ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት፤ አፈሩን በድንጋይ ተጫንኩት፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው። ያ ከረጢት ሰው ቢበላው እንኳ የሚያስፈራኝ እሱ አይደለም። ውሻ ሲበላው ግን አንጀቱ ውስጥ ብዙ ጥቃቅን ትሎች ይሆናል፤ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል። ውሻውን የዳበሰ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ማደግ ይጀምራል። ዓመታት እየፈጀ በዝግታ ስለሚያድግ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። በቄራ የታረደ በሬ ላይ ይህን የሚይዝ ሰው አለ፣ ጊዜያዊም ቢሆን። በግቢያችሁ በሚታረደው ላይ ያለው ሐኪም እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ለሚመጣው በዓል ቅርጫ የምትገቡ ሁሉ፣ ጉበቱና ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካያችሁ አትቁረጡት፣ አታፈንዱት፤ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለውሻችሁም የትል መድኃኒት ስጡት። ቢለማመጣችሁ አጥንት አለ።