«በሞቴ» ስንት ካሎሪ አለው?

መስከረም ሲጠባ አደይ አበባና የጤና ምክር እኩል ይፈነዳሉ። አደይዋስ ለሰሞኑ ነው፤ ምክሩ ግን ገናን አልፎ እስከ ፋሲካ ይዘልቃል። «በበዓል ሰሞን ከአልኮል የሚገባውን ካሎሪ ይቆጣጠሩ» ይላል። የጠጡትን ይቁጠሩ፣ በየመሐሉ ውኃ ይጎንጩ፣ ትንሽ ብርጭቆ ይምረጡ። ክፋት የለውም። ግን ይህን የሚመክር ሰው የወላይታን ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታን፣ እዚያው ወላይታ ቦምቤ ላይ የዋለ አይመስልም፤ ከዋለም ብርጭቆው የራሱ መስሎት ነው።

ሂሳቡ እንኳ ሐሰት የለበትም። አንድ ግራም አልኮል ሰባት ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ስኳር አራት፣ ስብ ዘጠኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ዊልበር አትዎተር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ሰው ገብቶ የሚያድርበት ሣጥን አሠርቶ፣ እያበላና እያጠጣ ከሰውነቱ የሚወጣውን ሙቀት ይለካ ነበር። ሰውነት አልኮልንም እንደ ስኳርና እንደ ስብ አንድዶ ኃይል እንደሚያወጣበት ሲናገር የመጠጥ ተቃዋሚዎች ተነሱበት፤ መጠጥ ሻጮቹ ደግሞ ደስ ብሏቸው ማስታወቂያ አደረጉት። ወላይታ ላይ ይህን ለማወቅ ሣጥን አላስፈለገም። ቦርዴ ጠጥቶ ማሳ የወረደ ሰው ምሳ አልጠየቀም፤ በቆሎውና ገብሱ ከነብቅሉ ወፍሮ የሚጠጣ ምግብ ነውና። ውፍረቱ እንደ ጠማቂዋ እጅ ስለሚለያይ በላዩ ላይ ቁጥር የሚለጥፍለት የለም። ብዙ ስለማይቆይም «ለነገ ይደር» ብሎ መቆጠብ አይቻልም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። «ይቁጠሩ» የሚለው ምክር፣ ምን ያህል እንደሚጠጣ የሚወስነው ጠጪው ነው ብሎ ይነሳል። በእኛ አገር የሚወስነው ቀጂው ነው። እንግዳ ብርጭቆውን በመዳፉ ሲከድን ባለቤቱ አይከራከርም፤ «በሞቴ!» ብሎ ጆጉን በጣቶቹ ላይ ዘንበል ያደርጋል። እንግዳ ልብሱን ለማዳን እጁን ያነሳል፣ ብርጭቆው ይሞላል። ደግሞም ግማሽ በደረሰ ቁጥር ስለሚሞላ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ የለም። በዚህ ሂሳብ ሰውየው ከጠዋት እስከ ማታ የጠጣው አንድ ብርጭቆ ነው። «ቢራ ግን በጠርሙስ ነው፣ ይቆጠራል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ 33 ሳንቲ ሊትሩ፣ አልኮሉ አምስት በመቶ ከሆነ፣ ወደ 140 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል። ይሁንና የራስህ ሳያልቅ ወዳጅህ ሁለተኛውን አስከፍቶልሃል፤ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ባዶ ጠርሙስ የሚቆጠረውም ለሂሳብ እንጂ ለወገብ አይደለም። ስለዚህ ምክሩ መነገር ያለበት ለቀጂው ነበር።

«ቦምቤ እኮ ብዙው ጴንጤ ነው፣ መጠጥ አይቀምስም» የሚለውም ተቃውሞ አለ። እውነት ነው፤ ለስላሳ ይቀዳለታል። የለስላሳው ስኳር ጠርሙስ ለጠርሙስ ሲተያይ ከቢራው እምብዛም አያንስም። ነፍሱን ያተረፈ ወገቡን አላተረፈም።

እስከዚህ ያለውን ስቆ ማለፍ ይቻላል። የማይታለፈው ካሎሪ ወደዚህ አገር የመጣበት መንገድ ነው። ለተረጂ የሚሰፈረው እህል የሚሰላው በነፍስ ወከፍ በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ነው። የድህነት መስመር ሲሰመርም ለአንድ አዋቂ 2,200 ተብሎ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የወላይታን ገበሬም መዝግቧል፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ማሳው ለምልሞ ጓዳው ባዶ የሆነበት «አረንጓዴ ረሃብ» እዚሁ ደርሷል። ዓመቱን ሙሉ «አልሞላህም» እየተባለ የተለካን ሰው፣ ወንዱ ለሰንጋው ሴቷ ለቅቤው ሲያጠራቅሙ ከርመው በመስከረም 14 እና 20 መካከል የምትውለው የጊፋታ እሑድ ስትደርስ «ተረፈህ፣ ቀንስ» ማለት ምክር አይደለም፤ ድፍረት ነው! ቢያንስ አድማጩን ለይቶ መናገር ያባት ነው። በየሳምንቱ ቁርጥ ቤት የሚሰለፈውና ቁርጥ አምሮት ጊፋታን ጠብቆ የሚበላው አንድ ምክር አይበቃቸውም።

ይህን ስል መጠጥን መከላከሌ አይደለም። ጉበት አለ፣ የማታ መንገድ አለ፣ ካሎሪ ከመጠጥ ጥፋቶች ትንሹ ነው። ምክር ሰጪዎቹም በቅን ልቦና እንደሚናገሩ አይጠፋኝም። ብቻ ቢራውን ሲቆጥሩ ክትፎውን ያራሰውን ቅቤ ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ያንን ጠርሙስ ያስከነዳዋል። ግን ዓመቱን ሙሉ በቅቤ ዕቁብ የከረመች ሴት ፊት ቆሞ ማን ይነግራታል? ደግሞ በደቡብ አገር ሁለት ወዳጆች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ካንድ ቅል የሚጠጡት አለ። እዚያ ላይ ካሎሪው እኩል ይካፈላል ወይስ ትንፋሹ ለረዘመው ነው የሚጻፈው?