የገናና የበቃ አዋጅ

ስማ፣ ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ነጋሪቱ ስለተሰነጠቀ፣ ለማስጠገኛ የተጠየቀውም በጀት ስላልተለቀቀ፣ ይህ አዋጅ የሚነገረው የመዝገብ ቤቱን ባዶ ካቢኔት በመደብደብ ነው።

መግቢያ

የሠራተኛን ዕድሜ ሠራተኛው ራሱ፣ እናቱና የልደት ካርዱ እየተሻሙ መወሰናቸው የሥራ ሰላም የሚያውክ ሆኖ በመገኘቱ፤

ዕድሜን ከባለቤቱ ይልቅ ማዶ ያለው ጠረጴዛ እንደሚያውቀው በረጅም ዘመን ልምድ በመረጋገጡ፤

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በ2008 ቢጀመርም፣ ዛሬ ደመወዝ ከምንበላው ብዙዎቻችን ቀድመን ተወልደን "ንጉሡ በወረዱ ማግሥት"፣ "በድርቁ ዓመት"፣ "አጎትህ ሲዳር" እንደተባልን የቀረን በመሆናችን፤

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 25 ሰው በምን በምን ሊበላለጥ እንደማይገባ ሲዘረዝር ዘርን፣ ቀለምን፣ ፆታን፣ ቋንቋን፣ ሃይማኖትን፣ ሀብትን ጠርቶ ዕድሜን ግን በስሙ ስላልጠራው፣ ያቺ ቀዳዳ ሳትደፈን ፈጥኖ መግባት በማስፈለጉ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ "የገናና የበቃ አዋጅ" ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። (ገና ሲባል በዓሉ መስሏቸው ቦነስ የጠየቁ ሠራተኞች ነበሩ። አይደለም።)

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

"ገና" ማለት ሐሳብ ባቀረበ ቁጥር "ጥሩ ነው፣ ግን ገና ነህ" የሚባል ሠራተኛ ነው። ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ነው ቢልም፣ የ38 ዓመት የ3 ልጆች እናት "ያቺ ልጅ ፋይሉን ታምጣ" እስከተባለች ድረስ ገና ናት።

"በቃ" ማለት ሽበት የታየበት፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽር የሚፈልግ፣ ወይም ወንበር ሲለቀቅለት "ኧረ በእግዜር" ሳይል የተቀመጠ ሠራተኛ ነው። የጡረታ ሕጉ 60 ዓመት ይላል። እሱ የሚናገረው ስለ ደመወዙ እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም።

በገናና በበቃ መካከል አንድ ሰው ልምድም ጉልበትም አለው ተብሎ የሚታመንበት ዕድሜ አለ። እሱም ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ይውላል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በአገልግሎት ዘመኑ አንዴ ይሰጣል። የዚያን ዕለት ዓመት ፈቃድ የወጣ፣ ያመመው ወይም ለቅሶ የሄደ ሌላ ማክሰኞ አይተካለትም።

አንቀጽ 3፦ ስለ አንቱታ

በአንዳንድ ቋንቋ ሰው የባልደረባውን ዕድሜ በልቡ ገምቶ ዝም ሊል ይችላል። አማርኛ ይህን አልፈቀደልንም፤ አፍ ከተከፈተ ግሱ ይመሰክራል። "ፈረምክ?" ነው ወይስ "ፈረሙ?" በሁለቱ መካከል መደበቂያ የለም። (አንዳንዱ ብልጥ "ደብዳቤው ተፈረመ እንዴ?" እያለ 3 ዓመት ሙሉ ማንንም ሳይጠራ ኖሯል። የዚህ አዋጅ አርቃቂ ከነዚያ አንዱ ነበር። ቅጣቱን ተቀብሏል።)

ስለዚህ ዓርብ ማታ "አንቺ" ተብላ የወጣች ጸሐፊ ሰኞ ጠዋት መነጽር አድርጋ ብትመጣ "እርስዎ" ትባላለች። ሹመቱ እርከን የለውም፣ የትራንስፖርት አበል የለውም፣ ይግባኝም አይባልበትም። እንዲያውም ከዚያች ሰኞ ጀምሮ ስሟ ከሥልጠና ዝርዝር ይወጣል፤ "እሳቸውን ምን አደከማቸው" ይባላልና። አዲሱ ሲስተም ሲገባም የሚስጥር ቃሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ለእርሳቸው ክብር ሲባል። ሰውን ከሥራው ገሸሽ በማድረግ ስድብ የአክብሮትን ሩብ ያህል እንኳ አልተሳካለትም።

አለቃ ሆኖ የተሾመ የ31 ዓመት ልጅ ደግሞ በስብሰባ "እርስዎ"፣ በኮሪደር "አንተ"፣ ሻይ ቤት ሲገባ "ማሙሽ" ይባላል። ሦስቱም ሕጋዊ ናቸው።

አንቀጽ 4፦ ስለ ፕሪንተር

ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ በክፍሉ ውስጥ በዕድሜ ታናሽ የሆነው ይጠራል። ታናሹ ፕሪንተር ከፍቶ አለማወቁ፣ ችሎታውም ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከማየት አለማለፉ ጥሪውን አያስቀርም። ማሽኑን በመዳፉ ሁለቴ ይመታዋል፣ "ኔትወርክ ነው" ይላል፣ ይታመናል። አጠገቡ ያሉት የ57 ዓመቱ ሒሳብ ሹም ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ለመጣ ለሄደው ሁሉ ያስተማሩ፣ የፕሪንተሩንም ሆድ ዕቃ ለይተው የሚያውቁ ናቸው። እጃቸውን ሲዘረጉ ግን "ጋሼ ይተዉት፣ ይበላሽብዎታል" ይባላሉ። ወረቀቱን የሚያወጡት ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ነው። ምስጋናው በታናሹ ስም ይመዘገባል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ቅጥር

የቅጥር ማስታወቂያ "ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ፣ ማስተርስ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ 20 ዓመት" እንዲል ተፈቅዷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ስለሚከለክል፣ አመልካቹ 15ኛ ልደቱን ያከበረው በሥራ ገበታው ላይ መሆኑን፣ ሁለቱንም ዲግሪ በማታ መማሩን በማስረጃ ያቀርባል።

በ1985 በእኛ አቆጣጠር የተወለደ ሰው በውጭ ድርጅት ቅጽ ላይ 1985 ብሎ ቢሞላ፣ እስክሪብቶውን ሳያነሳ 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል። ይህ እርጅና እንደ ሥራ ልምድ አይቆጠርለትም።

አንቀጽ 6፦ ስለ ዶሴ ዕድሜ

ለጡረታ የሚያዘው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ዕድሜ ነው። በ17 ዓመቱ ሥራ ፈላጊ ሆኖ "20 ሞልቶኛል" ያለ ጎረምሳ፣ ዛሬ የልደት ካርድ ይዞ ዶሴውን ሊሟገት ቢመጣ የሚያሸንፈው ዶሴው ነው። ያ ጎረምሳ የዋሸው ለዚህ ሽማግሌ መሆኑን ማን ነግሮት! (አርቃቂው እዚህ ላይ ትንሽ አዝኗል፤ ይለፍ።)

አንቀጽ 7፦ ስለ መጥፎ አርአያዎች

የሚከተሉትን ሰዎች በሥራ ሰዓት መጥቀስ ክልክል ነው። ተፈሪ መኮንን በ1909 አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲሆኑ ዕድሜያቸው 24 ነበር፤ በእኛ መሥሪያ ቤት ቢሆን ቦታው በተጠባባቂነት ተሰጥቷቸው እስካሁን ደብዳቤያቸውን ይጠብቁ ነበር። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ሞስኮ ላይ 5,000 ሜትሩንም 10,000 ሜትሩንም ሲወስድ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ጋዜጠኞቹ ሊስማሙ አልቻሉም፤ ተቀናቃኞቹ ግን ጀርባውን አይተዋል። ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ የለንደንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ጨርሶ 2ኛ ወጥቷል። የእኛ የ41 ዓመት ሠራተኛ 3ኛ ፎቅ ሲደርስ ወንበር ይቀርብለታል። መቀመጡ ግዴታ ነው።

አንቀጽ 8፦ የተሻሩ ማስረጃዎች

የልደት ካርድ፣ የክርስትና እናት ምስክርነት፣ "ልቤ ገና ወጣት ነው" የሚል ማንኛውም አባባል ተሽሯል።

አንቀጽ 9፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የሚጸናው ገናም በቃም ያልሆነ ኃላፊ ከፈረመበት ቀን ጀምሮ ነው። ምክትል ኃላፊው ሰነዱን አይተው "እኔ ገና ነኝ፣ ለበላይ ይቅረብ" ብለዋል። የበላዩ "እኔስ በቅቶኛል፣ ለወጣቶቹ ስጧቸው" ብለው መልሰውታል። እስከ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ድረስ ሰነዱ ባለበት ይቆያል። ማኅተሙ ጸሐፊዋ ጋ ነው። ይቅርታ፣ ከሰኞ ወዲህ እሳቸው ጋ ነው።