የተበላ ዕቁብ
በሪያድ ሲኒማ ቤት ዳግም የተከፈተው ከ35 ዓመታት በላይ ተዘግቶ ከኖረ በኋላ በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። እኛም የሱለይማኒያ ሰፈር ሐበሾች የዓርብ ዕረፍታችንን ይዘን «ያመለጠንን እናካክስ» ስንል፣ ሆሊውድ የድሮ ፊልሞችን እያደሰ የተበላ ዕቁብ ይዞ ጠበቀን።

በ1978 የጆን ካርፔንተር አስፈሪ ፊልም «ሃሎዊን» ሲሠራ፣ የገዳዩ ጭምብል በሁለት ዶላር ገደማ የተገዛ የ«ስታር ትሬክ» ካፒቴን ከርክ ፊት ነበር። ነጭ ቀለም ቀቡት፤ ዓለም ተንቀጠቀጠ። በ2007 ፊልሙ እንደገና ተሠራ፤ ስሙ «ሃሎዊን»። በ2018 ደግሞ ተከታዩ መጣ፤ ስሙ አሁንም «ሃሎዊን»። ገዳዩ በየጊዜው ሞቶ ይነሣል፤ ስም አውጪው ግን እንደሞተ ቀረ። ዳይሬክተር ጋስ ቫን ሳንትማ በ1998 የሂችኮክን «ሳይኮ» ትዕይንት በትዕይንት ገልብጦ ቀለም ጨመረበት። ተማሪ ቢሆን ፈተናው ይሰረዝበት ነበር።

ለነገሩ እኛን በማደስ ማን ያስፈራራናል? የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) እድሳት አለልን። ላዘገየ ሰው ክፍል አንድ 500 ሪያል ቅጣት፣ ክፍል ሁለት 1,000 ሪያል፣ ክፍል ሦስት ቦሌ ኤርፖርት። ጭምብል የለው፣ የሚያስደነግጥ ሙዚቃ የለው፤ ተመልካች አጥቶ ግን አያውቅም።