በማን ሰዓት?

የባለቤቴ ወንድም የተለጠፈ ዋጋ ከፍሎ አያውቅም። ዋጋ ለእሱ የክርክር መነሻ ነው። የፓርኪንግ ማሽን ፊት ቆሞ እንኳ የሚለምነው ሰው ሲፈልግ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ከማያሚ የምንሳፈርበት ክሩዝ የሜክሲኮ ደሴት በሆነችው ኮዙሜል በሚቆምበት ቀን መርከቡ ራሱ የሚሸጠውን የስኖርክል ጉዞ ዋጋ ሲያይ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቅ ነበር። «ይኼን ሁሉ ከፍዬ ከስልሳ ሰው ጋር ተጠቅጥቄ ዓሣ ላይ?» አለ። ከዚያ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሳሎናችን ውስጥ የአንድ ካፒቴን ስም ሳይነሳ የቀረበት እሑድ የለም። ካፒቴኑ የራሱ ጀልባ አለው፣ በዋትስአፕ ወዲያው ይመልሳል፣ በመርከቡ ዋጋ ግማሽ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻ ይዞ ይወጣል። ፎቶም ልኳል፤ ነጭ ጀልባ፣ ሰማያዊ ጥላ፣ በረዶ የሞላበት ሳጥን። ቀብዱ ተላከ።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማያውቅ ልንገር። በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉዞ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። በራስህ የተዋዋልከው ከዘገየ ግን ጥሎህ ይሄዳል፤ አንተም እስከሚቀጥለው ወደብ በራስህ ወጪ ትከተለዋለህ። ዓሣው ያው ዓሣ ነው። ያ ሁሉ የዋጋ ልዩነት የመጠበቂያ ነው። ባለቤቴ ይህንኑ ለወንድሟ ብትነግረው «ሕፃናት ነን እንዴ?» አላት።

የተሳፈርንበት ወር ነሐሴ ነበርና ፍልሰታ ገብቷል። አማቴ ጾም አይሽሩም። ባሕር መሀል ላይ፣ ምግብ ተራራ ሆኖ በተከመረበት አዳራሽ፣ እያንዳንዱን ትሪ «ቅቤ አለው በልልኝ» እያሉ ሲያዞሩኝ አስተናጋጆቹ ለመዱን፤ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንገታቸውን በ«አለው» ይነቀንቃሉ። እግረ መንገዴን፣ መርከቡ ሜክሲኮ የሚቆመው ለእኛ ደስታ ብቻ እንዳልሆነ አጫወትኳቸው። እነዚህ ግዙፍ መርከቦች በአብዛኛው ባሃማስና ፓናማን በመሳሰሉ አገሮች የተመዘገቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ስላለ፣ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ ከማያሚ ተነስቶ አንድም የውጭ ወደብ ሳይረግጥ በአሜሪካ ወደቦች ብቻ ተሳፋሪውን አዙሮ ማያሚ ማራገፍ አይፈቀድለትም። «ለሕጉ ነዋ የሚቆሙት!» አሉ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የመርከቡ ካፒቴን በድምፅ ማጉያ «እንኳን ደስ አላችሁ» ሲል አያምኑትም።

አሁን የሰዓቱ ነገር። ኮዙሜል የምትገኝበት ኪንታና ሩ የተባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በ2015 ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፋ፤ ምክንያቱም ቱሪስቱ አመሻሹ ላይ ረዘም ያለ ፀሐይ እንዲያገኝ ነው። በዚህም በአሜሪካ ክረምት ከማያሚ ጋር እኩል ሆነ። ግን በበጋ ሰዓት አይቀይሩም። ስለዚህ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ሲገፉ ደሴቲቱ አንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። የእኛ መርከብ ደግሞ የማያሚን ሰዓት ይዞ ነው የሚዞረው። ስልክ መሬት ሲረግጥ የደሴቲቱን ይይዛል። በየምሽቱ በር ሥር የሚገባው ወረቀት ላይ «በመርከቡ ሰዓት ተመሩ» ተብሎ በደማቁ ተጽፏል፤ ያነበበችው ባለቤቴ ብቻ ናት። የጀልባው ካፒቴን «በ4 ሰዓት ወደቡ በር ላይ» ብሎ ሲጽፍ «በማን ሰዓት?» አለችው ወንድሟን። «4 ሰዓት 4 ሰዓት ነው» አላት።

በመርከቡ 4 ሰዓት ወረድን። ከወደቡ ለመውጣት በሽቶ፣ በአልማዝና በተኪላ ሱቆች መካከል መጠማዘዝ ግድ ነው፤ መንገዱን የሠራው ሰው ቀጥ ያለ መስመር አያውቅም። በሩ ላይ ቆምን። የመርከቡን ጉዞ የገዙት፣ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ የያዘች ልጅ ተከትለው አለፉን። ፀሐዩ በረታ። አማቴ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጥለው ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ ማደል ጀመሩ። ካፒቴኑ ብቅ ያለው የእኛን 5 ሰዓት ሲል ነው፤ በእሱ ቤት ልክ 4። እጁን እያርገበገበ፣ በሰዓቱ እንደደረሰ ሰው ደስ ብሎት።

ጀልባው ፎቶ የተነሳው በወጣትነቱ ነበር። ይህ እንኳ ይሁን። ውስጡ ግን አንድ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ከቴክሳስ፣ ከጋልቬስተን በሌላ መርከብ የመጡ ናቸው። እኛን ሲያዩ ደነገጡ፤ የግል ጀልባ ነው የተከራዩት። እኛም የግል ነው የተከራየነው። ካፒቴኑ ለሁላችንም በየተራ ፈገግ አለና ሞተሩን ቀሰቀሰ።

የሄድንበት ሪፍ ከዩካታን እስከ ሆንዱራስ ደሴቶች የሚዘረጋው፣ ከአውስትራሊያው ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛ የሚባለው ነው። በኮዙሜል በኩል ያለው ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀብቶ መግባት ኮራሉን ይጎዳል ተብሎ ክልክል ነው። ባለቤቴ ጠዋት ከእግር እስከ አንገት ተለቅልቃ ነበርና የካፒቴኑ ረዳት አሸተታትና ፎጣ ሰጣት። ወንድሟ «ጥቁር ሰው ምን ቅባት ያስፈልገዋል!» ብሎ እኔንም ሸሚዜን አስወለቀኝ። ስኖርክል የሚያደርግ ሰው በሆዱ ተንሳፍፎ ጀርባውን ለሰማይ የሚሰጥ ፍጡር ነው። የጉልበቴ እጥፋት ምን ያህል ሊቃጠል እንደሚችል ያወቅኩት ማታ ደረጃ ስወጣ ነው።

ፓላንካር የሚባለው ቦታ ደርሰን ገባን። መነጽሩ ፂም አይወድም። የባለቤቴ ወንድም የሚኮራበት ሪዝ ስላለው ጎማው አልገጥም ብሎ ውሃው በአፍንጫው ሥር ይንቆረቆርበታል፤ ረዳቱ ቫዝሊን አምጥቶ ሪዙን እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ቀባለት። እኔ ዋና የተማርኩት ሶደሬ ነው። ሶደሬ ውሃው ይሞቃል፣ ገንዳውም ጠርዝ አለው። እዚህ ፊቴን ውሃው ውስጥ ስከት ከእግሬ ሥር ያለው ነገር ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ታች ይሄዳል፤ ልቤ አብሮት ሄደ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቅርጭጭ፣ ቅርጭጭ። አረንጓዴና ሐምራዊ የሆነ ዓሣ፣ ጥርሱ እንደ በቀቀን መንቁር የሾለ፣ ኮራሉን እየገመጠ ነበር። ገምጦ ዞር ይላል፤ ከኋላው ነጭ አሸዋ ይበተናል። የባሕር ዳርቻው አሸዋ ብዙው ከዚህ ዓሣ ሆድ የወጣ መሆኑን ኋላ ረዳቱ ነገረኝ። ፍርሃቴን ረስቼ ዓሣውን ስከተል ቆየሁ።

ኮዙሜል ላይ ውሃው አይቆምም። አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይፈሳል፤ ሰውየው ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፣ ጀልባው ተከትሎ መጨረሻ ላይ ያነሳዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ይኼኔ ገባኝ። ቀና ስል ጀልባው ሩቅ ነው፤ ቴክሳሶቹ በሌላ አቅጣጫ ስለሄዱ እነሱን እየለቀመ ነበር። የባለቤቴ ወንድም ፍሰቱን ተቃውሞ ወደ ጀልባው ሊዋኝ ይታገላል፤ እጁ ይሠራል፣ ሰውየው ግን ወደኋላ ይሄዳል። አማቴ ከጀልባው ሆነው «ልጄ ተወሰደ!» ብለው መጮህ ሲገባቸው፣ የመርከቦቹ ወደብ በሰሜን በኩል መሆኑን አይተው ኖሮ «ተዋቸው፣ ወደ መርከቡ ነው የሚወስዳቸው» አሉ አሉ።

ቀጥሎ ኤል ሲዬሎ ሄድን። ነጭ አሸዋ፣ ደረት የማይሞላ ውሃ፣ ታች ላይ የተኙ የባሕር ኮከቦች። መንካት ክልክል ነው። አማቴ በቀሚሳቸው ላይ ላይፍ ጃኬት ታጥቀው፣ ሁለት እጃቸውን ተይዘው ወረዱ፤ አማትበው ቆሙ፤ ከዚያ አልወጣም አሉ። ካፒቴኑ ጥሬ ዓሣ በሎሚ አቀረበ፣ እሳቸው በአቮካዶው ላይ አተኮሩ። «ይኼ እንኳ የጾም ነው» እያሉ ውሃ ውስጥ ቆመው ሳህኑን ጨረሱት።

ባለቤቴ የእጅ ሰዓቷን አየች። አባቷ የሰጧት፣ ማንንም የማይሰማ በባትሪ የሚሄድ ሰዓት ነው። «9 ሰዓት ከ45 ሆኗል፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ይግባ ተብሏል» አለች። ወንድሟ ስልኩን ከፕላስቲኩ አወጣ፤ 8 ሰዓት ከ45። «ስልክ በሳተላይት ነው የሚሠራው» አላት። ቴክሳሶቹን ጠየቃቸው፤ እነሱም ያንኑ ነገሩት። የእነሱ መርከብ የቴክሳስን ሰዓት ነው የሚከተለው፤ በበጋ ደግሞ የቴክሳስና የኮዙሜል ሰዓት አንድ ነው። ካፒቴኑም ያንኑ አለ። አራት ምስክር በአንዲት የእጅ ሰዓት ላይ! እኔ ትዳሬን አስቤ ከእጅ ሰዓቷ ጎን ቆምኩ።

ሞተሩ ሲነሳ ገና እየተከራከሩ ነበር። መርከብ ትልቅ ነገር ስለሆነ ቶሎ ይታያል፣ ቶሎ ግን አይደረስበትም። ወደቡ ላይ ስንወጣ የሚሄድ ሰው የለም፤ የሚሮጠው እኛ ብቻ ነን። በረንዳ ላይ የተደረደሩት ተሳፋሪዎች መጠጣቸውን ይዘው ያጨበጭባሉ፣ አንዳንዱ በስልኩ ይቀርጻል። አንድ የወደብ ሠራተኛ ተሽከርካሪ ወንበር አምጥቶ አማቴን አስቀመጠና እየገፋ ቀደመን። እኔ የማስበው ስለ እሳቸው ነው። እኛ ብንቀር የምናወጣው የቲኬት ብር ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ያላሰቡት አገር መቅረት ምን እንደሚመስል ግን የሚያውቅ ያውቀዋል። ፓስፖርቱም መርከቡ ላይ፣ ክፍላችን ካዝና ውስጥ ነው።

ነበር። ነጭ የለበሰ ሰው መወጣጫው ሥር ቡናማ ፖስታ ይዞ ቆሟል። ሰው ሲቀር ካዝናውን ከፍተው ፓስፖርቱን ለወደቡ ወኪል ይሰጣሉ፤ የእኛ ወጥቶ ለርክክብ እየተጠበቀ ነበር። አማቴ ከወንበሩ ሳይነሱ ፖስታውን ተቀበሉ፣ ከፈቱ፣ አንድ በአንድ ቆጠሩና «ሞልቷል» ብለው አሳለፉን።

እራት ላይ ማንም ወንበሩን መደገፍ አልቻለም። የባለቤቴ ወንድም ስንት እንዳተረፍን አስልቶ ነገረን። ካፒቴኑ በዋትስአፕ ደስ ብሏችሁ ከሆነ አምስት ኮከብ ስጡኝ ብሎ ጽፎለት ነበር። ረጅም ጊዜ አሰበና አራት ሰጠው። ለምን እንደቀነሰ ስንጠይቀው «ሰዓት አያከብርም» አለ።